ጫማዬን ያወለቅሁበት ደጅ

በእኛ ሰፈር ካሜራ ያለው ሰው ቫን እንዳለው ሰው ነው፤ የራሱ ቅዳሜ የለውም። ቫን ያለው የሰው ፍራሽ ሲያመላልስ ይኖራል፤ ካሜራ ያለው ደግሞ በሰው ክርስትና፣ በሰው ምርቃትና በሰው ሠርግ ላይ ቆሞ «ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ያረጃል። እኔ ያገለገለ ካሜራ የገዛሁት ለራሴ ደስታ ብዬ ነበር። አንድ ክርስትና ላይ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው በመገኘቴ ብቻ ቶሮንቶ ውስጥ የሰፈራችን የሴንት ጄምስ ታውን ፎቶ አንሺ ሆኜ ቀረሁ። ማንም አልሾመኝም፤ ስለዚህም ማንም ሊሽረኝ አልቻለም። ካነሣኋቸው ሰዎች ግማሾቹ ግንባር የላቸውም፤ አንዲት ሙሽራ እስከ ዛሬ የምታናግረኝ በሰው በኩል ነው። ሹመቱ ግን ጸንቷል።

ሹመት ደግሞ ክፉ ነገር ነው። አንዴ «እሱ ያውቃል» ከተባልክ በኋላ «አላውቅም» የምትባለው ቃል ከአፍህ ትጠፋለች። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ ግን አስተውላችሁ ከሆነ ይህን ተረት የሚጠቅሰው ሁልጊዜ የሚጠየቀው ሰው ነው እንጂ የሚጠይቀው አይደለም። እኔ ለምሳሌ መንገድ ጠፍቶኝ ስዞር የመኪናዬን መስኮት ዝቅ አድርጌ ሰው ከምጠይቅ ቤንዚኔ ቢያልቅ እመርጣለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ታውቀዋለች፤ ከእኔ ጋር ሩቅ መንገድ ስትሄድ ስንቅ ትይዛለች። ይህ የእኔ ብቻ በሽታ ነው? አይመስለኝም። ለማንኛውም ባለፈው ኅዳር የደረሰብኝን ላውራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ከከተማው ዳር፣ ሬክስዴል፣ አንድ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አብሮኝ የነበረው ሰው ዲዮ ይባላል። የደቡብ አሜሪካዋ ጋያና ሰው ነው፤ ቅድመ አያቶቹ ከህንድ በመርከብ ተጭነው ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ እዚያ የሄዱ፣ ሃይማኖታቸውንም ይዘው የሄዱ ሂንዱዎች ናቸው። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ነው እንጂ አንቱ የምለው ሰው ነበር። ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በሁለተኛው ቀኔ መደርደሪያ ገጭቼ ሻምፑውን በካርቶን በካርቶን ሳዘንበው ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ መጣ። ዲዮ ከእኔ ፊት ቆመና «እዚህ ጋ እንዲገባ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ። አላዘዘኝም ነበር።

አባቴ አዲስ አበባ ያረፉ ጊዜ ደግሞ ያደረገልኝ ከዚህ ይበልጣል። ለቀብር ሳልደርስ ቀርቼ አፓርታማዬ ውስጥ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ዲዮ ሺፍቴን ሸፈነልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ራሱ መጣ። ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ማንም ሳይነግረው ከወንዶቹ መካከል ገብቶ ተቀመጠና ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አብሮኝ ዋለ። ሐዘንተኛ የሚፈልገው ይህንኑ መሆኑን ማን ነገረው? ከሥሬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጋሽ በላቸው ትኩር ብለው አይተውት «ይህ ሰውዬ ወሎ ኖሮ መሆን አለበት» አሉ። ጋሽ በላቸው እንዲህ ናቸው፤ ያልገባቸው ነገር የለም።

እንግዲህ ይህ ዲዮ በዕረፍት ሰዓት ሳንድዊቹን እየገመጠ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅ ሳለ ስለሚያውቀው የባሕር ዳር ቤተ መቅደስ። ነጭ ነበር ይላል፤ ደረጃው በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳው የበሰለ ፓፓያ ይመስላል። እናቱ የተዳሩት እዚያ ነው። መቅደሱን ባሕር ከበላው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አንድም ፎቶ አልተረፈም። እናቱ አሁን ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ ሩቅ ምዕራብ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ እህቱ ዘንድ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስልክ በደወለ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው አለ፤ «ደረጃው አለ?» ዲዮም ጡረታ የሚወጣው ቶሮንቶን ለቆ እናቱ አጠገብ ሊሆን ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ አለኝ። እዚህም ቢሆን በየዓመቱ በዚህ ወቅት፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን፣ የመቅደሳቸው ሰዎች ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ የከተማው ባቡር፣ ስትሪትካሩ፣ ከሚያልቅበት፣ አሸዋው ላይ። ባሕር ባይሆንም ውሃ ውሃ ነው አለ። እኔ ይህን ሰምቼ ምን ተረዳሁ? ቤተ መቅደሳቸው እዚያ ነው ብዬ ተረዳሁ። እሱ እንዲያ አላለም። ግን እስቲ የእኛን ሰው ጠይቁ፤ ታቦት ወደ ውሃ ሲወርድ ከየት ይወርዳል?

የዲዮ የስንብት ቀን ዓርብ ተባለ። ሱፐርቫይዘራችን ሁላችንንም ሰብስቦ ለዲዮ የቡና ቤት ጊፍት ካርድ ቢሰጥ ምን ይመስላችኋል አለ። ደሜ ፈላ። ሐሰት በራሱ ላይ ተሸክሞ ላዳነኝ፣ ጫማውን አውልቆ ለቅሶዬ ላይ ለተቀመጠ ሰው የቡና ካርድ? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደለም? ሳላስበው እጄን አወጣሁና የመቅደሱን ፎቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በትልቁ አሳጥቤ፣ በፍሬም አድርጌ አመጣለሁ አልኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንዱ ወጣት ልጅ «አንተ ፎቶግራፈር ነህ እንዴ?» ሲለኝ ትከሻዬን ሰበቅሁ፤ ትሕትና መሆኑ ነው።

ዲዮን መጠየቅ አልችልም፤ ነገሩ ሰርፕራይዝ ነው። ደግሞም ያን ሰሞን ዕቃውን ሊያደርስ ካልጋሪ ሄዷል። ስለዚህ ወደ ጋሽ በላቸው ወረድኩ። ጋሽ በላቸው በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፤ ቶሮንቶ ውስጥ ከመኖራቸው የተነሣ ከተማዋን ያሠሯት ይመስላቸዋል። «ጋሼ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ሐይቁ ዳር፣ ትልቅ የአምልኮ ቤት ያውቃሉ?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ስትሪትካሩ የሚያልቅበት? ቢጫ ድንጋይ፣ አረንጓዴ ጣራ?» አሉ። የት አውቄው፤ ግን «አዎ» አልኩ። «እሱማ ገዳም ነው» አሉ። «የማን ገዳም እንደሆነ አላወቅሁም ነበር፤ የህንዶች ነው በለኛ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሣሩ እንደታጨደ ነው፤ ሰው ሲጮህበት አይቼ አላውቅም። መንግሥት ቢሆን እንዲህ አድርጎ አይዘውም። ቻርች ታክስ አይከፍልማ፣ ለዚህ ነው የሚያምር።» ነገሩ አለቀ። የጋሽ በላቸው ማስረጃ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ስትሰማው ጠንካራ፣ ቤትህ ገብተህ ስታስበው እንፋሎት።

ሙሉ ጨረቃ በምትሆንበት ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ካሜራዬንና ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ይዤ ስትሪትካሩን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተሳፈርኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዋናው መንገድ በኩል መግባት ስችል፣ ብርሃኑ ወዴት እንደሆነ ልይ ብዬ በአሸዋው በኩል ዞርኩ። ይህች ዙሪት ናት ያጠፋችኝ፤ ሕንፃው ምን እንደሆነ የሚናገረው ሰሌዳ ያለው ለካ በመንገዱ በኩል ኖሯል።

አሸዋው ላይ ስደርስ ሰዎቹን አየኋቸው። ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። ሴቶቹ ቀይና ብርቱካን ልብሳቸውን ለብሰው ከላይ የክረምት ጃኬት ደርበዋል። ውሃው ጠርዝ ላይ ትንንሽ መብራት ያበራሉ፤ ነፋሱ ያጠፋል፤ እንደገና ያበራሉ። አበባ ውሃው ላይ ይበትናሉ። በዚያ ብርድ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ጫማቸው ሣሩ መጀመሪያ ላይ በሥርዓት ተደርድሯል። ጥምቀትን አስታወሰኝ፤ ሕዝብ በበዓል ልብሱ ውሃ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ ያለው ነገር የትም አገር አንድ ነው ለካ። ቀና ስል ደግሞ ጉብታው ላይ ያ ሕንፃ ቆሟል። ቢጫ ድንጋይ፣ አረንጓዴ የመዳብ ጣራ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ረጃጅም መስኮቶች፣ ግንብ፣ ደረጃ። ደረጃ ደግሞ ወደ ውሃው በኩል። ዲዮ ያወራው ሁሉ አለ። ጋሽ በላቸውን በልቤ ባረክኋቸው።

አሁን ጠይቅ ትሉኛላችሁ። እዚያው አሸዋው ላይ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ጠየቅኋቸውም። «ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «አንሣ እንጂ ልጄ፣ ያምራል አይደል?» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ፣ ምእመናኑ መሀል ቆሞ፣ «ይቅርታ፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው?» ይላል? ቢል ምን ይሉታል?

ጫማዎቹ የተደረደሩበት ደረስኩ። ከዚህ ወዲያ የተቀደሰ ስፍራ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዚህ አልታማም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጫማ ማውለቅ ያደግሁበት ነው። ቡትስ ጫማዬን ፈታሁ፤ ከሰዎቹ ጫማ ጎን በሥርዓት አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቴን ሙሉ በሙሉ ለቆት እንደነበር ያየሁት። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እግዜር የሚያየው ልብን ነው፣ የእነሱም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጉብታውን ወጣሁ። ሣሩ እርጥብና በረዶ ነበር። አውራ ጣቴ ወዲያው ደነዘዘ።

ወደ ሕንፃው ስቀርብ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከውስጥ ነው የሚመጣው፤ ዝቅ ያለ፣ ወፍራም፣ የማያቋርጥ እምምታ። ቆሜ አዳመጥኩ። ትንፋሽ አይወስድም፤ ዝቅ አይል፣ ከፍ አይል። ዲዮ ስለ ካህናቶቻቸው ዜማ ነግሮኝ ስለነበር ወዲያው ገባኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ቀናሁ። የእኛ ዲያቆናት ጎበዞች ናቸው፤ ግን እንዲህ አንድ አፍ ሆነው፣ ሳይስሉ፣ ሳያዛጉ፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ደጁ ጋ ስደርስ ጭንቅ መጣ። ልሳለም ወይስ አልሳለም? ሃይማኖቴ ሌላ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዲዮ የእኔን ቤት አክብሮ ጫማውን አውልቋል። ቆሜ ተሟገትኩ። በመጨረሻ ለጎረቤት ሰላምታ እንደሚሰጠው ያህል፣ ከወገብ ሳይሆን ከአንገት፣ ዝቅ አልኩ። አምልኮ እንዳይሆን ብዬ ግን አልተሳለምኩም። ቀና ስል ውሻ የያዙ ነጭ ሴትዮ ቆመው ያዩኛል። ዓይናቸው መጀመሪያ አውራ ጣቴ ላይ፣ ቀጥሎ ካሜራዬ ላይ አረፈ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «ድንቅ ቦታ ነው አይደል?» አሉኝ። «እጅግ ቅዱስ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «መቼም በንጽሕና ይይዙታል» አሉ። ከዚያም «ሰው አያመሰግናቸውም እንጂ ሌሊትና ቀን ነው የሚሠሩት፤ እነሱ ባይኖሩ ይህ ከተማ አንድ ቀን አይውልም ነበር» ብለው ጨመሩ። የሰው አገር ሰው የሰውን ሃይማኖት እንዲህ ሲያከብር ማየት እንዴት ደስ ይላል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኳቸው። ውሻው ካልሲዬን አሸተተና ሄዱ።

ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል፣ ከመሀል ከተማው ፎቆች በስተግራ፣ ሐይቁ ላይ ልትወድቅ ስትል ከጉብታው ወርጄ ማቆሚያዬን ተከልኩ። ያን ጊዜ ግድግዳው ተለወጠ። ፓፓያ። ዲዮ ያለው ልክ ነበር፤ የበሰለ፣ ተቆርጦ የተከፈተ ፓፓያ። ከታች መብራቶቹ፣ ሴቶቹ፣ ውሃው፤ ከላይ ደረጃውና ያ ወርቅ ግድግዳ። ጣቶቼ ቢደነዝዙም ደጋግሜ አነሣሁ። የማንም ግንባር አልተቆረጠም። በሕይወቴ ካነሣኋቸው ፎቶዎች የመጀመሪያው ትክክለኛ ፎቶ ይህ ነው። አባቴ ትዝ አሉኝና እዚያው ዓይኔን ጠረግሁ። የዲዮ ውለታ ዛሬ ተከፈለ አልኩ።

ዓርብ ዕለት በምሳ ክፍሉ ውስጥ ኬክ ተቆረጠ። ዲዮ ከካልጋሪ ተመልሶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። ፍሬሙን ከነወረቀቱ ሰጠሁትና ንግግር አደረግሁ። ንግግር ሳደርግ መቆሚያዬ አይታወቅም፤ ብርዱን ነገርኳቸው፣ ካህናቱ ያለ ትንፋሽ ሲያዜሙ መስማቴን ነገርኳቸው። «መቅደስህን አክብሬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በረዶ ላይ ቆሜ ያነሣሁት ነው» አልኩ።

ዲዮ ወረቀቱን ቀደደ። አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። ሱፐርቫይዘራችን ከትከሻው በላይ ብቅ ብሎ አየና አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ዲዮ ዞር ብሎ ሲያየው አፉን ዘጋው። ከዚያ ዲዮ መጥቶ አቀፈኝ። ትከሻው ይርገበገብ ነበር። እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ዲዮ ካልጋሪ ገባ።

እሑድ ልጄ ሜሮን ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ቀሪውን ኮፒ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ስታየው ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። ልጄ የእኔን አማርኛ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። «ናይስ ነው፣ ዳዲ» አለች። «ግን ዋይ ዋተር ፕላንት?» ምን አልሽ አልኳት። «ዋተር ትሪትመንት ፕላንት ነዋ። ግሬድ ፋይቭ እያለን ፊልድ ትሪፕ ሄደን የለ? አንተ ነህ እኮ ፎርሙን ሳይን ያደረግከው።»

ኢንተርኔት ከፍታ አሳየችኝ፤ ያው ግንብ፣ ያው መዳብ ጣራ፣ ያው ደረጃ። የከተማው የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ። ሐይቁን ጠጥቶ ለቧንቧ የሚሰጥ። እምምታውስ? ፓምፕ። ሌሊትና ቀን የሚሠሩት? መሐንዲሶች። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ያሉት ለእኔ ነው። ማዘጋጃ ቤት ፊት ጫማዬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ለጡረተኛ ወዳጄ የቧንቧ ውሃ በፍሬም ሰጥቼ ሸኘሁት። ሜሮን መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሻይ ላፍላልህ አለች። የሻዩ ውሃ ከየት እንደመጣ አሰብኩና ተውኩት።

ወደ ጋሽ በላቸው ወረድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰምተው «ማነው ውሃ ማጣሪያ ነው ያለህ?» አሉ። ልጄ አልኳቸው። «ልጆች ምን ያውቃሉ» አሉ። «መንግሥት ለውሃ እንዲህ ያለ ቤት ይሠራል? ውሃ መስኮት ምን ያደርግለታል?»

ሁለት ሳምንት ለዲዮ ሳልደውል ቀረሁ። ምን ብዬ? ስልኩ ላይ ስሙን አወጣና እመልሰዋለሁ። ራሴን ለማጽናናት ያልፈጠርኩት ሰበብ የለም። እኛስ ብንሆን እሑድ እሑድ በፕላስቲክ ጠርሙስ የምንወስደው ጠበል የቧንቧ ውሃ አይደለም ወይ? ቄሱ ባረኩት፤ የቀዱት ግን ከቧንቧ ነው። እንግዲያው በዚያ ሕንፃ ደጅ አንገት መድፋት ያን ያህል ነውር ነው? እንዲህ እያልኩ ሳስብ ደህና እሆናለሁ፤ ወዲያው የዲዮ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ይመጣብኝና መልሼ እቃጠላለሁ። ያ ሰው ያለቀሰው ከሐዘን መሆን አለበት አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያወራኝ አለመስማቴን አይቶ ነው ያለቀሰው።

በመጨረሻ የደወለው እሱ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ ይቅርታ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሳቀ። ገና ወረቀቱን ስቀደው ነው ያወቅሁት አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው አሸዋ ላይ ሲወርድ ኖሮ ያን ሕንፃ እንዴት ያጣዋል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ለካ። «ታዲያ ለምን አለቀስክ?» አልኩት። ግማሹ ሳቅ ነበር አለኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ነው የያዝኩት። ግማሹ ግን፣ ለእኔ መቅደስ ብሎ በረዶ ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው አግኝቼ ስለማላውቅ ነው አለ።

«የእውነተኛው መቅደስህ የት ነው?» አልኩት። ይህን ጥያቄ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። ከዌርሃውሳችን በስተጀርባ ያለውን ጎማ ቤት ታውቃለህ? አለኝ። በደንብ አውቃለሁ፤ መኪናዬን የማቆመው እዚያ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው በር ነው አለኝ። በቀርከሃ እንጨት ላይ ቀይና ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለበት። እነዚያን ባንዲራዎች በየቀኑ አያቸዋለሁ። ጎማ ቤቱ ቅናሽ ያወጣ እየመሰለኝ፣ አንድ ጊዜም ገብቼ ዋጋ ጠይቄአለሁ።

ፎቶውን ጣለው፣ ሌላ አነሣልሃለሁ፣ የባንዲራዎቹን አነሣልሃለሁ አልኩት። «አልችልም» አለኝ። ለምን? ፎቶውን ካልጋሪ ይዞት እንደገባ እናቱ ምንድነው አሉት። ሳይመልስ ከእጁ ተቀብለው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ቢጫውን አዩ፤ ውሃውን አዩ፤ መብራቶቹን አዩ። መዳፋቸውን መስተዋቱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ደረጃው አለ» አሉ። ቀና ብለውም ለልጆቻቸው እንዲህ አሉ አለኝ፤ «ሠላሳ ዓመት ባሕር በላው እያላችሁ ስታታልሉኝ ኖራችኋል። ዋሾዎች።»

አሁን ፎቶው የእናትየው የጸሎት ክፍል ውስጥ፣ ከአማልክቶቻቸው መሀል ተሰቅሏል። ጧት ጧት አበባ ይደረግለታል። እህቱ ነገሩን ታውቃለች፤ የእህቱ ባልም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር የለም። ዲዮ ራሱ መጀመሪያ ሰሞን ከፊቱ ማለፍ ይከብደኝ ነበር አለኝ፤ አሁን ግን እሱም እንደ እናቱ እጁን ያጣምራል። እንቅልፍ ርቋቸው የነበሩት እናቱ ማታ ማታ መተኛት ጀምረዋል። እኔ ምን ልበል? የቶሮንቶ ውሃ ማጣሪያ ካልጋሪ ውስጥ ይሰገድለታል፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ነው ስል ሴትዮዋ ተኝተዋል፤ ደግ ሥራ ነው ስል ሐሰት ነው። እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ያስደወለውም ጉዳይ ሌላ ነበር። እናቱ የተዳሩት ማታ ሳይሆን ንጋት ላይ ኖሯል፤ አሁን በየቀኑ «የጧቱስ የታለ?» ይሉት ጀምረዋል። ከምሥራቅ በኩል፣ ፀሐይዋ ደረጃው ላይ ስትወጣ። ያ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ለምኖኝ የማያውቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብትችል» አለኝ። እንዴት እንቢ ይባላል?

ሥራ የማልገባበት ጧት እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊታችን እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ውሃ ማጣሪያው ደጅ እገኛለሁ። ቄሱ የት ነበርክ ቢሉኝ የምመልሰውን አላዘጋጀሁም። ጋሽ በላቸው ደግሞ «አንተ መቼም ገዳም መሳለም ጀምረሃል፤ እኔንም ይዘኸኝ ሂድ» ብለው ነጠላቸውን አጥበው ሰቅለዋል። የቸገረኝ ሌላ ነው። አሁን ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፓምፕ መሆኑን አውቃለሁ፤ መሐንዲሶቹ በመስኮት ሊያዩኝ እንደሚችሉም አውቃለሁ። ግን ዲዮ ለእናቱ ያን ፎቶ ያነሣው ሰው ጫማውን አውልቆ መሆኑን ነግሯቸዋል። ላውልቅ ወይስ አላውልቅ? ስንት ሰው አማከርኩ፣ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠኝ የለም።

ለማንኛውም ትናንት አዲስ ካልሲ ገዝቻለሁ።